የበረሃ ጽጌረዳ ውሃውን ከየት ያመጣል?

በቦረና፣ በሶማሌ ክልል ቆላ ወይም በታችኛው ኦሞ በኩል በበጋ ያለፋችሁ ሳታዩት አትቀሩም። ሣሩ ደርቆ ባለቀበት ድንጋያማ ተረተር ላይ፣ አንዲት ቅጠል ሳይኖረው በሮዝ አበባ ተሸልሞ የሚቆም አጭርና ወፍራም ግንድ ነው፤ የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል። ከሴኔጋል አንስቶ በእኛ በኩል አልፎ እስከ ዓረብ ምድር ይበቅላል። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ታሞ ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነው።

«በዚያ ድርቅ የሚያብበው ከየት አምጥቶ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። ካለፈው ዝናብ ነው። ጎተራውን የሞላ ገበሬ በጋ ላይ ሰርግ እንደሚደግስ ሁሉ፣ ይህም ተክል በዝናቡ ወራት ቅጠል አውጥቶ ያፈራውን ምግብና የሳበውን ውሃ ባበጠው የግንዱ ግርጌ ያከማቻል። ድርቁ ሲበረታ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ውሃው በብዛት በትነት የሚያመልጠው በቅጠሉ ነውና። ታዲያ ሥራ አይፈታም። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ብታደርጉት ከሥሩ አረንጓዴ ነው፤ በዚያ ፀሐይን መጠቀሙን ይቀጥላል።

ጫር ካደረጋችሁ ግን እጃችሁን ታጠቡ። ጽጌረዳ ይባል እንጂ ወገኑ ከአጋም፣ ከጦቢያውና ከመረንዝ ነው። ፈሳሹ ልብን የሚመታ መርዝ አለው፤ የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች አፍልተው የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ውሃ በጠፋበት አገር ውሃ ቋጥሮ የሚቆም ግንድ ያለ መርዝ የሚተርፍ አይመስለኝም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዘሩ ነው። ጥንድ ሆኖ የሚወጣው ፍሬ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ቀጫጭን ዘንግ የመሰሉ ዘሮች ይወጣሉ፤ በሁለቱም ጫፍ የፀጉር ቁንጮ አላቸው። የጦቢያው ዘር ፀጉሩ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ተንጠልጥሎ ይበራል። ይኸኛው ነፋስ ሲያነሳው ይሽከረከራል፣ መሬት ሲነካም እየተንከባለለ ይሄዳል።

አሁን አሁን በየችግኝ ጣቢያው ስለሚሸጥ፣ በረንዳው ላይ ለሚያሳድግ አንድ ነገር ልንገር። አዲስ አበባ ላይ ይህን ተክል በብዛት የሚገድለው ጥማት አይደለም፤ የክረምቱ ዝናብና የኅዳር ብርድ ነው። ከዝናብ አስጠልሉት፣ አሸዋ የበዛበት አፈርና ከሥሩ የተበሳ ማሰሮ ስጡት። ቅጠሉን ሲያራግፍ «ጠማው» ብላችሁ ውሃ አትጨምሩ። ግንዱን ጫን ብላችሁ እዩ፦ አፈሩ ደርቆ ግንዱ ከለሰለሰ ውሃ ይፈልጋል፤ አፈሩ ርሶ ከለሰለሰ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነውና ዛሬውኑ ከማሰሮው አውጡት፣ የበሰበሰውን በጓንት ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቁስሉ እስኪደርቅም መልሳችሁ አትትከሉት።