የጾም ኩኪስ
(በዓርብ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ብስኩት ላወራችሁ ነው። አትሳቁ፤ ቁም ነገር አለበት።

የምሠራው ራያን አካባቢ ነው። እዚያ ቤት ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲፈላ ቸኮሌት ጣል ጣል ያለበት ኩኪስ ይቀርባል። በቅቤና በእንቁላል ስለሚሠራ በጾም አልነካውም። በመጀመሪያው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ ማዳም "ብዪ" ስትለኝ "ሳይማ" አልኳት፤ ጾመኛ ነኝ ማለቴ ነው። እሷ የገባት እንደ ረመዳን ነው። መግሪብ ሲደርስ ሩዝ በዶሮ አቀረበችልኝ፤ አልበላሁም። በማግስቱ ቀትር ላይ ዳቦ ስበላ አየችኝና "ዋሸሽኝ" ብላ ተቆጣች። እኔም ቋንቋ አጠረኝና ዝም አልኩ። 55ቱን ቀን በሻይና በዳቦ ገፋሁት። በመጨረሻው ሳምንት ደረጃ ስጠርግ አዞረኝና ግድግዳ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጁን ታቅፌ ቢሆን ኖሮስ? እያልኩ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

በሁለተኛው ዓመት እዚሁ ያለች አንዲት እህት መከረችኝ። "ሳይማ አትበያት፤ 'ላ ለሕም፣ ላ ሐሊብ፣ ላ በይድ' በያት" አለችኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም ማለት ነው። እንደተባልኩት ነገርኳት። ማዳም ትንሽ አሰበችና "አሃ፣ ነባቲ!" አለች። ያኔውኑ ለአስቤዛ ወጥታ አንድ ፓኬት ኩኪስ ይዛልኝ መጣች። "ቪጋን" የሚል ተጽፎበታል፤ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም ማለት ነው።

ጣዕሙን ልንገራችሁ። መልኩ ያው የምናውቀው ኩኪስ ነው። ሲነክሱት ግን ቶሎ ይፈረፈራል፤ የቅቤው ሽታ የለም፣ በምትኩ የኮኮናት ዘይት ይሸታል። ስኳሩም በዛብኝ። ሻይ ውስጥ ነከር ሲያደርጉት ግን ይጣፍጣል። ዋጋውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ለስምንት ፍሬ 18 ሪያል! እውነቱን ለመናገር የእናቴ ዳቦ ቆሎ ይበልጠዋል። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስርና ሽምብራ የቤቱ አስቤዛ ውስጥ ገባልኝ፤ ያዞረኝም ነገር ቀረ።

እናንተም ስትገዙ የፓኬቱን ጀርባ አንብቡ። በዐረብኛ ሐሊብ ወተት፣ በይድ እንቁላል፣ ዙብዳ ቅቤ ነው። "ነባቲ" የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋ የሌለው ሆኖ ወተት ሊኖረው ይችላል። ባቃላ በምናገኘው የሕንድ ብስኩት ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብም እንደዚያው ናት፤ ሥጋና እንቁላል የለበትም ትላለች እንጂ ወተት አትከለክልም። እኔ ራሴ በእሷ ተሸውጃለሁ። "ወተት ሊኖርበት ይችላል" የሚል ካያችሁ ደግሞ ወተት ያለው ነገርም እዚያው ፋብሪካ ይሠራል ማለት ነው። ለጾሙ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ የወተት አለርጂ ያለባት ግን "ቪጋን" ቢልም አትንካው።

ሙስሊም እህቶቼ፣ እናንተ ጾማችሁን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ግን ስኳር ያለባችሁ፣ ጨጓራ የሚያማችሁ አላችሁ። የማይስማማችሁን በግልጽ ተናገሩ።

ደግሞ ምግብ ልመና አይደለም። በቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 15 የ2017፣ ምግብና ማደሪያ የአሠሪ ግዴታ ነው። የምግብ፣ የጸሎትና የዕረፍት ጊዜ ከ10ሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1000 ሪያል ሲሆን፣ አሠሪው ምግብ የማያቀርብ ከሆነ በወር ቢያንስ 300 ሪያል ይጨምራል። ሕጉ "ኩኪስ ግዙላት" አይልም። ነገር ግን የምትበሉት ነገር ሊኖር ይገባል፤ ያንን ለመጠየቅ አትፈሩ። እኔ ባለመጠየቄ አንድ ሙሉ ጾም በከንቱ ተጎዳሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ የብስኩት ባዶ ፓኬት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን። ሻዩ ከእኛ ነው። ዓርብ ስለሆነ ኩኪሱም የጾም ነው!