ብርሃኑን ከጎን አድርጉት

(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የእራት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ሕክምና እንዳወራ አልጠየቁኝም። ለሚታተመው የዓመቱ መጽሔት የመምህራኖቻችንን ፎቶ እንዴት እንዳነሳሁ ንገሪን ነው ያሉኝ። ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ ሐኪም ነኝ። ወደዚህ ነገር የገባሁት በለቅሶ ነው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ለለቅሶው ቤት የሚሆን ፎቶ ፈለግን። የተገኘው ማታ፣ በስልክ፣ በፍላሽ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ፍላሹ ፊት ለፊት ስለመታት ግንባሯ ያብረቀርቃል፣ ጉንጯና አፍንጫዋ አንድ ላይ ተለጥፈዋል፣ ዓይኗ የደነገጠ ይመስላል። አሳድገን ሰቀልነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው እሱን እያየ ሲያለቅስ፣ እኔ በሆዴ "ኧረ ይቺ እናቴ አይደለችም" እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የጠረጴዛ መብራት ይዤ ልጄን ማስቸገር የጀመርኩት። ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍቼ፣ እሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ መብራቱን በዙሪያው አዞራለሁ። ከካሜራው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሲመታው ፊቱ የመታወቂያ ፎቶ ሆነ፤ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ምን እንደሚሰማው ግን አይታወቅም። በጎኑ፣ 90 ዲግሪ ላይ ሳደርገው ግማሽ ፊቱ ጠፋ፤ የ11 ዓመት ልጅ ምስጢር የያዘ ሽማግሌ መሰለ። ከአገጩ በታች ሳደርገው ፎቶውን አይቶ "እማ፣ ጭራቅ አደረግሽኝ!" ብሎ ሳቀ። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ሲመጣ ስለለመደ፣ ጥላው ሲገለበጥ ያስፈራናል።

መብራቱን ከዓይኑ ከፍ፣ ወደ ጎን ደግሞ 45 ዲግሪ ያህል ሳደርገው ግን ቆም አልኩ። ጥላ ባረፈበት ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር፣ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ቀረች። ፎቶ አንሺዎች ይህን አቀማመጥ በ17ኛው መቶ ዘመን በኔዘርላንድስ በኖረው ሠዓሊ በሬምብራንት ስም ይጠሩታል። ልጄ ፊቱን አልቀየረም። የተንቀሳቀሰው መብራቱ ብቻ ነው።

ይሄን እኮ እኛ ድሮ ተምረነዋል! ዋርድ ውስጥ ታማሚውን 45 ዲግሪ ያህል ቀና አድርገን የአንገቱን ደም ሥር ስንፈልግ፣ ባትሪውን ፊት ለፊት ደግነን "አይታይም" ስንል፣ መምህራችን ምን ይሉን ነበር? "ብርሃኑን ከጎን አድርጉት!" ከጎን ሲሆን ጥላ ይወድቃል፣ ትርታው ይታያል።

ባለፈው ወር እኚሁን መምህር ላነሳቸው ቤታቸው ሄድኩ። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸው። በመጀመሪያው ፎቶ መስኮቱ በጎናቸው ነበር፤ ግማሽ ፊታቸው ጨለማ፣ ቅንድባቸው ቁጡ። ልክ ራውንድ ላይ የምንንቀጠቀጥላቸው ሰው! ለሁለተኛው ወንበራቸውን ትንሽ ወደ መስኮቱ አዞርኩና፣ ባለቤታቸው በጥላው በኩል ነጠላቸውን ዘርግተው እንዲይዙልኝ ለመንኩ። ነጠላው ብርሃኑን መለሰው፤ ጥላው ሳሳ፣ ዓይናቸው ውስጥ መስኮቱ በራ። ሁለቱንም አሳየኋቸው። ብዙ አይተው አይተው "የትኛው ነው እኔ?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ባለቤታቸው ግን ሁለተኛውን አንስተው "ማታ ማታ ቤት የሚገባው ሰው ይሄ ነው" አሉ። መጽሔቱ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናት አባት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ሄዳችሁ መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው። ፍላሹንም የቤቱንም መብራት አጥፉ። ፊታቸውን ትንሽ ወደ መስኮቱ አዙሩ፣ በጥላው በኩል ነጭ ጨርቅ ያዙ። አንዴ ሁለቴ ቦታ ለውጡና፣ እናንተ የምታውቁት ፊት ሲመጣ አንሱ። ስልካችሁ ይበቃል። እኔ ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።