«ክሱ የታለ?»
(በጎንደር ለሕግና ለጋዜጠኝነት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ በጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ ነጻ ጋዜጠኛ ነኝ። ደባርቅ ወጥቼ የገብስ ገበሬውን ብሶት ብጽፍ እንጀራዬ እሷው ጽሑፍ ናት። እንግዲህ ፖሊስ ይዞኝ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ 14 ቀን ቀጠሮ ቢጠይቅብኝ፣ ከዚያም ሌላ 14 ቀን ቢያስጨምር፣ ክሱ ሳይመጣ ቅጣቱ አለቀ ማለት ነው። ልጆቼስ ምን ይብሉ?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በአንቀጽ 86፣ በመገናኛ ብዙኃን ወንጀል ሠርቷል የተባለ ሰው ለምርመራ ሳይታሰር ክሱ በቀጥታ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ምን ያደርጋል፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ! በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅም ሳንሱር ቀረ ተባለ፤ አዘጋጆች ግን ወህኒ ወረዱ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም ክስ ሳይመሠረትባቸው ለወራት አዋሽ አርባ የታጎሩ ባልደረቦቻችንን አንረሳም።

«ጋዜጠኛ አይጠየቅ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይጠየቅ እንጂ! ካጠፋሁ ክሰሱኝ፤ ከቤቴ እየተመላለስኩ ልከራከር።

ስለዚህ ዳኞች ሆይ፣ ፖሊስ ቀጠሮ ሲጠይቃችሁ አንቀጹን ገልጣችሁ «ክሱ የታለ?» በሉት። ጠበቆችም ዝም አትበሉ። ፓርላማውም ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲቀርብለት ይህችን ዋስትና እንዳይነካ አድርጎ ያጽድቅ።

የጠየቅነው ችሮታ አይደለም። የተጻፈው ይሠራበት!