ስለ ሙቀት ሕመምና ስለ መጀመሪያ ዕርዳታው
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የሙቀት ሕመም የአፋር እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ብዙ ነው። ነገር ግን በፋብሪካ ምድጃ አጠገብ የሚሠራ አባት፣ በቀትር ፀሐይ ድንጋይ የምትሸከም እናት፣ በስፖርት ቀን የሚሮጥ ተማሪ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ አሉ። ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ለሥራ የሚወርደውም ደጋ የለመደ ሰውነቱን ይዞ ነው።

ሕመሙ ሲጀምር ሰውየው እጅግ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። በጥላ ሥር አስተኝታችሁ ልብሱን አላሉለት፤ ውሃም በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት።

ሲብስ ግን የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ያልፋል፤ ይቀባዥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ራሱንም ይስታል። ይህ ለሞት የሚያሠጋ ነው። በአገራችን «ምች መታው» ብሎ በጋቢ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ጋቢው ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ስለዚህ ዳማ ከሴው ይቆየንና ውሃው ይቅደም! ልብሱን አውልቃችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ አራግቡለት፤ በአንገቱና በብብቱ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አታጠጡ፤ በጎኑ አስተኙት። አንዱ ሲያቀዘቅዝ ሌላው በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥራ።

ሐኪም እስኪደርስ ያለችው ጊዜ የእኛ ናት። በዚያች ጊዜ ከቦ ማዘን ዕርዳታ አይሆንም፤ አንድ ባልዲ ውሃ ግን ነፍስ ያድናል። አደራ!