የአንዲት ሬዚስተር ውሳኔ፦ ርካሽ የሊትየም-አዮን ባትሪ መሙያ ቦርዶችን በገዛ እጅ መሥራትና ማሻሻል

(ለምህንድስና ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ በመዳፌ ላይ ያለ ነው። ይህች በእጄ የያዝኳት ሰማያዊ ቦርድ ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም። በላይዋ ላይ ቲፒ4056 የሚባል ባለ ስምንት እግር ቺፕ፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ ሁለት ጥቃቅን አመልካች መብራቶችና አንድ የዩኤስቢ መሰኪያ አሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ከሠራችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ርካሽ በመሆኗ ሁሉም ይገዛታል፤ ርካሽ በመሆኗም ልብ ብሎ የሚመረምራት ጥቂት ነው። የንግግሬ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን ልማድ መቃወም ነው።

ከገዛ ስሕተቴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ካረጀ መሣሪያ ያወጣትን፣ 400 ሚሊአምፔር-ሰዓት የምትይዝ ስስ ባትሪ ከዚህችው ቦርድ ጋር አገናኝቶ የንባብ መብራት ሠራ። መብራቱ ሲበራ አይቼ፣ ተማሪውን አመስግኜ፣ ውጤቱን ጽፌ አለፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባትሪዋ እንደ ትራስ አብጣ ይዟት መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳት አልተነሣም። ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። እኔም «ይህች ቦርድ ስንት አምፔር ትሰጣለች? ይህንስ የወሰነው ማን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም ነበር።

የሊትየም-አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ለዚህ ያበቁትም ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ባትሪ ብዙ ኃይል በትንሽ ክብደት ይይዛል፤ አሞላሉ ላይ ግን ስሕተት አይታገሥም። በቅድሚያ ጅረቱ ሳይለዋወጥ ይሞላል፤ ቮልቴጁ 4.2 ሲደርስ ቮልቴጁ ባለበት ጸንቶ ጅረቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የእኛ ቺፕ ይህን ሥርዓት ይጠብቃል። ባትሪው ከ2.9 ቮልት በታች ወርዶ ካገኘው ከተወሰነው ጅረት አንድ አሥረኛውን ብቻ እየሰጠ ያነቃዋል፤ በመጨረሻም ጅረቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ሥራውን ያቆማል። እንግዲህ ቺፑ ሥራውን ያውቃል። ችግሩ የቦርዱ አምራች እኛን ሳይጠይቅ በእኛ ስም የወሰናቸው ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የጅረቱ መጠን ነው። የቺፑ ሁለተኛ እግር ከአንዲት ሬዚስተር ጋር ተያይዟል፤ የጅረቱም ልክ በአምፔር የሚገኘው 1200ን ለሬዚስተሯ ኦም በማካፈል ነው። በተለመደው ቦርድ ላይ «122» የሚል ጽሑፍ ያለባት ሬዚስተር 1200 ኦም ናት፤ ስለዚህ ቦርዱ 1 አምፔር ይሰጣል። ይህ 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ለሚይዝ፣ 18650 ለሚባለው ዓይነት ባትሪ ተስማሚ ነው። ለተማሪዬ ባትሪ ግን ከአቅሟ ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር። በሰዓት ከአቅሟ ግማሽ ያህል ብቻ እንድትሞላ ብንፈልግ 200 ሚሊአምፔር፣ ማለትም የ6000 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋት ነበር። አሮጌዋን በካውያ አንሥቶ አዲሷን መበየድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የሚከብደው ብየዳው ሳይሆን ማስላቱን ማስታወስ ነው።

ከጅረቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ሙቀት ነው። ይህ ቺፕ በ5 ቮልት መግቢያና በባትሪው ቮልቴጅ መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ባትሪው 3 ቮልት ላይ ሆኖ 1 አምፔር ሲፈስ 2 ዋት ይባክናል፤ ይህም ለዚህ መጠን ላለው ቺፕ ብዙ ነው። ጅረቱን በግማሽ ብንቀንስ ሙቀቱም በግማሽ ይቀንሳል። እኛ በምንኖርበት ከፍታ ደግሞ ጉዳዩ ይባስ ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚጠጥረው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን በሚገባ አይወስድም። ቺፑ እጅግ ሲግል ጅረቱን በራሱ ስለሚቀንስ ራሱን ያድን ይሆናል፤ ነገር ግን ቦርዱን ከባትሪው ጋር በፕላስተር ጠቅልሎ ያጣበቀ ሰው ሙቀቱን ወደ ባትሪው አስተላልፏል ማለት ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት ተዉ።

ሁለተኛው ውሳኔ ይበልጥ የተሰወረ ነው። የቺፑ አንደኛ እግር የባትሪውን ሙቀት እንዲለካ የተሠራ ነው። በዚህ እግር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከመግቢያው ቮልቴጅ 45 በመቶ በታች ሲወርድ ወይም ከ80 በመቶ በላይ ሲወጣ ቺፑ መሙላቱን ያቆማል። በርካሾቹ ቦርዶች ላይ ግን ይህ እግር በቀጥታ ከመሬት መስመር ጋር ተበይዷል፤ በዚህም የሙቀት ጥበቃው ጠፍቷል። ጠባቂ ቀጥሮ ዓይኑን እንደ መሸፈን ነው። ማሻሻያው እግሩን በጥንቃቄ ከቦርዱ ማንሣት፣ ከባትሪው ገላ ጋር የተጠጋ ቴርሚስተርና ሁለት ሬዚስተሮች ማገናኘት ነው። ይህን የምለው ስለ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚሞላ ባትሪ በውስጡ የሊትየም ብረት ስለሚያነጥፍ በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል።

ሦስተኛው ውሳኔ እየተሞላ የሚሠራ መሣሪያን ይመለከታል። መብራቱ በርቶ ባትሪው ሲሞላ የመብራቱ ጅረት ከመሙያው ጅረት ጋር ይደባለቃል። ቺፑ ጅረቱ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ይጠብቃል፤ መብራቱ ስለሚጠጣው ግን ላይወርድ ይችላል። ባትሪው በ4.2 ቮልት ላይ እንደ ተሰቀለ ያድራል። መፍትሔው ሦስት ዕቃ ነው፦ አንድ ሾትኪ ዳዮድ፣ አንድ ፒ-ቻነል ሞስፌትና አንድ ሬዚስተር። መግቢያው ሲኖር መብራቱ በዳዮዱ በኩል ከመግቢያው ይመገባል፤ ሞስፌቱም ባትሪውን ይለያል። መብራት ሲጠፋ ሬዚስተሩ የሞስፌቱን በር ወደ መሬት ይስባል፤ ባትሪውም ሥራውን ይረከባል። እዚህ ላይ የሞስፌቱ ድሬይን ወደ ባትሪው፣ ሶርሱ ወደ መብራቱ መሆን አለበት። ከተገለበጠ በሞስፌቱ ውስጥ ያለው ዳዮድ የመግቢያውን ኃይል መሙያውን ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ባትሪው ያስገባል። እንዲሁም የመብራቱ ኔጌቲቭ ሽቦ ከቦርዱ መውጫ እንጂ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አይያያዝ፤ እንዲያ ከሆነ የጥበቃው ወረዳ ከነጭራሹ ይታለፋል።

ስለ ጥበቃው ወረዳ ካነሣሁ፣ ዲደብልዩ01 የሚባለው ጠባቂ ቺፕ ባትሪውን የሚያላቅቀው በተለምዶ 2.4 ቮልት ላይ ሲደርስ ነው። ይህ የመጨረሻው አጥር ነው፤ በየቀኑ የምንገፋው በር አይደለም። መሣሪያችሁ 3 ቮልት አካባቢ ራሱን እንዲያጠፋ አድርጉት።

አሁን ደግሞ ሊሻሻል የማይችለውን ልንገራችሁ፤ ልኩን የማያውቅ ማሻሻል አደጋ ነውና። የ4.2 ቮልት ወሰን በቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ነው። በፀሐይ መብራቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሊትየም-አይረን-ፎስፌት ባትሪ በ3.6 ቮልት አካባቢ መቆም ስላለበት በዚህ ቦርድ ፈጽሞ አይሞላም። ሁለት ባትሪ በተከታታይ አያይዞ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቦርድ ሰጥቶ፣ ሁለቱንም ቦርዶች ከአንድ 5 ቮልት ምንጭ ጋር ማገናኘትም አይቻልም፤ የመሬት መስመራቸው አንድ ስለሚሆን ከባትሪዎቹ አንዱ በአጭር መንገድ ይዘጋል።

ብዙዎቻችሁ ባትሪ የምታገኙት ከአሮጌ ላፕቶፖች እንደሆነ አውቃለሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ለእኛ ሁለተኛ ላቦራቶሪ ነው፤ ይህንንም በነቀፌታ አልናገርም። ነገር ግን የተጣለ ባትሪ ታሪኩን አይናገርም፤ መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው። ያበጠ፣ የተጎዳ ወይም የሚሸት ባትሪ አትንኩ። ሞልታችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡትና ቮልቴጁን እንደገና ለኩ፤ በግልጽ የወረደውን ተዉት። የመጀመሪያውን ሙሌት በሸክላ ምጣድ ላይ፣ ከወረቀትና ከመጋረጃ ርቃችሁ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አድርጉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ንግግሬን ስቋጭ ወደ ተማሪዬ ልመለስ። መብራቱን እንደገና ሠራው። አዲሷን ሬዚስተር በየደ፣ ቴርሚስተሩን አገናኘ፣ በሣጥኑም ላይ የባትሪውን ዓይነትና የመሙያውን ጅረት በአማርኛ ጻፈ። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ይህ ጽሑፍ ነበር። ምክንያቱም ያ መብራት የሚሄደው ስለ ሬዚስተር ሰምታ ወደማታውቅ እናት ቤት ነው፤ ልጇ ሲያጠና ማታ ራስጌው ላይ ይሞላል። እርሷ ልትጠይቅ የማትችለውን ጥያቄ እኛ አስቀድመን ልንጠይቅላት ይገባል።

በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ተማሪዎች ርካሽ ቦርድ ከመግዛት አላግዳችሁም፤ ግዙ፤ ነገር ግን በቦርዱ ላይ ሌላው የወሰነላችሁን ሁሉ አንብቡና ራሳችሁ እንደገና ወስኑ። መምህራን ባልደረቦቼም ከእንግዲህ ውጤት ከመጻፋችን በፊት መልቲሜትራችንን እናውጣ።