የቀዘቀዘ ደምና የሚቀዘቅዝ ገላ



ደም ከለጋሹ ወጥቶ ለበሽተኛው እስኪደርስ ያለው መንገድ የሐኪም ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን አብዛኛው የማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ ጉዳይ ስለሆነ መሐንዲስን የማይመለከት አይደለም።

ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን መለየቱን እ.ኤ.አ. በ1901 ቢያስታውቅም፣ ከሰውነት የወጣ ደም ወዲያው ስለሚረጋ ለብዙ ጊዜ ሊከማች አልተቻለም ነበር። ይህን ችግር የፈታው ከ1914 ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው ሲትሬት የተባለው ጨው ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም አስሮ በመያዝ እንዳይረጋ ያደርገዋል። በኢትዮጵያም ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 የደም ባንክ ሥራ ጀምሮ፣ በ2012 ለጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አስረክቧል።

ቀዩ የደም ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠበቅ፣ እንደ ተጨመረበት ማቆያ ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል። ፕላዝማ በበረዶነት ይቀመጣል።

እንግዲህ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳት አንዲት እናት ትታሰብ። ክብደቷ 60 ኪሎ ቢሆን፣ ገላዋ በአንድ ዲግሪ የሚቀዘቅዘው 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ሲወሰድበት ነው። ከማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ የወጣ አንድ ሊትር ደም ደግሞ 37 ዲግሪ እስኪደርስ 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይስባል። ስለዚህ ሦስት ሊትር ሳይሞቅ በችኮላ ቢሰጣት፣ ሰውነቷ የሚያመነጨው ሙቀት ሳይታሰብ፣ በሁለት ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። በቀዘቀዘ ገላ ውስጥ ያለ ደም ደግሞ በሚገባ አይረጋም፤ ሊያድናት የመጣው ደም መድማቷን ያብሰዋል። ያ በከረጢቱ ውስጥ የጠቀመው ሲትሬትም አሁን የእርሷን ካልሲየም ማሰር ይጀምራል። ሐኪሞች ካልሲየም የሚሰጡት፣ ከቀዩ ሴል ጋርም ፕላዝማና ፕላትሌት የሚጨምሩት ስለዚህ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ብቻውን ቢንቆረቆር ያለውን ደም ያቀጥነዋል እንጂ አያረጋውም።

ከረጢቱን በፈላ ውሃ መንከርም መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ ሴሉን ያፈርሰዋል። የሚያስፈልገው ደሙ በቱቦው ሲያልፍ የሚያሞቀው፣ ሙቀቱም የተወሰነ መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ 20,000 ያህል እናቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ደምን ግን አይተካም። ደሙ ያለበት ማቀዝቀዣ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር መያያዙና ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ያለው ርቀት የሚወሰነው ሕንጻው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው።