መጋዘንና አማና



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ ከመስጂድ ወጥተን ወደ መጋዘን እንገባለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወልቂጤ ከተማ የሚነግዱ ሁለት ሸሪኮች ተጣልተው ለሽምግልና ተጠራን። ሁለቱም የቸሃ ልጆች፣ ሰላታቸውን የማያጓድሉ ሰዎች ናቸው። ደብተሩ 60 ጆንያ የማረቆ በርበሬ አለ ይላል፤ ሲቆጠር ግን 53 ሆነ። ጥርጣሬው በቁልፍ ያዡ ላይ ወደቀ፤ ሚስቶቻቸው እንኳ ሰላምታ አቁመዋል። እኛም እጅጌያችንን ሰብስበን ዕቃውን አንድ በአንድ ማስወጣት ጀመርን። 4ቱ ጆንያ ከጨው ኩንታሎች ጀርባ በጨለማው ጥግ ተገኙ። 2ቱን አንድ ምሽት ለደንበኛ በዱቤ ሰጥተው «ነገ እንጽፈዋለን» ብለው ረስተውታል። አንዱን እስከ ዛሬ አላገኘነውም፤ አውፍ ተባባሉ።

ሁለት ታማኝ ሰዎችን ከሳሽና ተከሳሽ ያደረጋቸው እንግዲህ የዕቃው አቀማመጥና ያልተጻፈች አንዲት መስመር ናት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ዱቤን፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከመጻፍ እንዳንሰለች አዞናል። ነብዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) የግብጽን ግምጃ ቤት ለመረከብ በጠየቁ ጊዜ ስለራሳቸው የጠቀሱት ሁለት ነገር ነው፤ ጠባቂነታቸውንና አዋቂነታቸውን (ሱረቱ ዩሱፍ፣ 55)። እኛ ለመጋዘን ሰው ስንቀጥር «የማን ልጅ ነው? ይሰግዳል?» እንላለን። መቁጠርና መጻፍ መቻሉን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እናቶቻችን የትኛው ጉድጓድ የዘንድሮ ቆጮ፣ የትኛው የከረመ እንደሆነ ያለ ወረቀት ያውቃሉ። እርሳቸው የታመሙ ዕለት ግን ምራት ጉድጓድ ስትፈልግ ትውላለች! የብዙ ነጋዴዎቻችን መጋዘንም በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ያ ሰው ቢሞት የየቲሞቹ ድርሻ በምን ይታወቃል?

ሥራው የሚጀምረው ከወለሉ ነው። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል። በእያንዳንዱ ረድፍ እኩል ቁጥር ይሁን፤ በየረድፉ 5 ሆኖ 6 ረድፍ ከወጣ 30 መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ቦታ ብቻ ይኑረው። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አዲሱ ከኋላ ይግባ። የተከፈተ ካርቶን፣ የተበላሸ ዕቃና የሰው አደራ ለየብቻ ይቀመጡ። በርበሬ እየደረቀ ሲሄድ ክብደቱ ስለሚቀንስ የጆንያው ቁጥርና በገባበት ቀን የተመዘነው ኪሎ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው፤ ይህን ባለማወቅ የተጠረጠረ ሠራተኛ ስንት ነው!

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ንብረት በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 ይወጣል። ለእኛ ከየክምሩ ፊት የተንጠለጠለ አንድ ቢን ካርድ ይበቃል፤ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ የተቀባይ ስምና ፊርማ ያለበት። ዕቃው ከበሩ ሳይወጣ ይጻፍ። ሲቆጠር ገቢና ወጪ ይቁም፤ ቆጣሪውም በካርዱ ላይ ያለውን ቀሪ አስቀድሞ አይመልከት፤ ካየው ዓይኑ ያንኑ ቁጥር ይፈልጋልና። ጉድለት ከተገኘ የቀድሞውን ቁጥር ሳይደልዙ በአዲስ መስመር ልዩነቱንና ምክንያቱን ጽፎ መፈረም ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥበት ማግኘታቸው በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል፤ የእኛ ቆጠራ ግን ብዙ ጊዜ ከበር ላይ ሆኖ ማየት ነው።

ዘካችንም በዚሁ ላይ ነው ያለው። የንግድ ዕቃ ወደ 85 ግራም ወርቅ ዋጋ ሲደርስና የጨረቃ ዓመት ሲሞላው 2.5 በመቶ ይወጣለታል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና መጋዘኑ አይቆጠሩም፤ ለሽያጭ የተቀመጠው ዕቃ ግን፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ፣ በዘካው ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ይታሰባል። 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን ዕቃ በግምት 5 ሚሊዮን 600 ሺህ ያለ ነጋዴ 10 ሺህ ብር የድሆችን ሐቅ በመጋዘኑ አስቀርቷል። የሰኔ 30 ቆጠራም ለዘካ ሁልጊዜ አያገለግልም፤ የጨረቃ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማልና።

ከመርካቶም ከየከተማውም ለአረፋ አገር ቤት ስንገባ ሱቁ መዘጋቱ አይቀርም። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ለቆጠራ ይሰጥ። እነዚያ ሸሪኮች ከአረፋ በፊት ሲቆጥሩ በሌላ ዓመት ደግሞ ጠርተውን ነበር። 2 ጆንያ ልዩነት ተገኘ። የወጡበት ቀንና የፈረመው ሰው በካርዱ ላይ ስለነበሩ ነገሩ ከዙህር በፊት ተፈታ፤ ቡናም ጠጥተን ተለያየን።